ስም ያጣ ሌሊት

በእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ኤክሰተር በምትባል ከተማ፥ በካቴድራሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፥ ዕድሜው ከሺህ ዓመት ያለፈ አንድ የብራና መጽሐፍ ይኖራል። የከተማይቱ ጳጳስ የነበረው ሊዮፍሪክ በ1072 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠው ነው፤ በዚህ ሐተታ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንደ ሆኑም አንባቢ ይረዳልኝ። መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ከግጥሙ አስቀድሞ ቍስሉን ያያል። በፊተኛው ቅጠል ላይ ቢላዋ ደጋግሞ ያረፈበት ጭረት አለ፤ ጽዋ ተቀምጦበት የፈሰሰ መጠጥም ክብ ምልክት ትቶበታል፤ ከኋላ ደግሞ የጋለ ነገር ወድቆበት ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው እየበሳ ዘልቋል። ቋንቋው አርጅቶ አንባቢ ባጣበት ዘመን ይህ ታላቅ መጽሐፍ መክተፊያና የዋንጫ ማስቀመጫ ሆኖ ሳያገለግል እንዳልቀረ ከነዚህ ጠባሳዎች እንረዳለን።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ፥ ማን እንደ ደረሰው ያልታወቀ፥ የአንዲት ሴት የልቅሶ ግጥም ይገኛል። ባልዋ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል፤ ዘመዶቹ በስውር መክረው ለያይተዋቸዋል፤ እርስዋም በዱር መካከል፥ በበሉጥ ዛፍ ሥር በተቈፈረ የመሬት ዋሻ እንድትቀመጥ ታዛለች። በምድር ላይ የሚዋደዱ ሁሉ በየመኝታቸው ሳሉ እርስዋ ሳይነጋ ተነሥታ ብቻዋን በዛፉ ሥር ትመላለሳለች። ባልዋ በየትኛው ምድር እንዳለ ባለማወቅ ያሳለፈችውን ጭንቀት ስታወሳ ግን ነገር አታበዛም፤ በአንዲት ቃል ትጠራዋለች፤ «ኡኽትቼያሩ» ትለዋለች።

«ኡኽት» ማለት ሌሊቱ ሊያልቅና ጎሕ ሊቀድ ጥቂት ሲቀረው ያለው ጨለማ ነው፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ካህናቱ ማኅሌቱን ቆመው ወደ ስብሐተ ነግህ የሚያደርሱበት ሰዓት መሆኑ ነው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ መነኮሳትም በዚያው ሰዓት ተነሥተው የሚያደርሱትን ጸሎት «ኡኽትሳንግ»፥ የኡኽት ዜማ፥ ይሉት ነበር። «ቼያሩ» ደግሞ ኀዘንና ጭንቀት ነው፤ የዛሬዎቹ እንግሊዞች «ኬር» የሚሉት ቃል ከእርሱ የወረደ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ እንግዲህ ሰው ከመንጋቱ በፊት ነቅቶ፥ ዓይኑን ጨለማው ላይ ተክሎ፥ ሲያብሰለስለው የሚነጋበት ኀዘን ይሆናል። ይህ ቃል እስከ ዛሬ በተረፉት የጥንት እንግሊዝኛ ጽሑፎች ሁሉ ውስጥ የተገኘው በዚህ ግጥም ብቻ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ የጋለ ነገር ጥቂት ቅጠሎች አልፎ በልቶ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ከነመኖሩም ባልታወቀ ነበር።

ይህን ቃል ከማወቄ በፊት ያረጀ ቃል የሚመስለኝ ያረጀ ዕቃ ነበር። ዕቃው ሲቀር ስሙ ይቀራል፤ ጥሩር መልበስ ከቀረ ወዲያ የጥሩሩን ክፍሎች ስም ማን ይጠይቃል እል ነበር። ከመንጋቱ በፊት ነቅቶ መጨነቅ ግን ከእንግሊዝ አገር አልቀረም። ዛሬም በለንደን ልጅዋ የታመመባት እናት፥ ዕዳው የከበደበት ነጋዴ፥ ከአገሩ ርቆ ወረቀቱ ያልተቃናለት ስደተኛ፥ በዚያችው ሰዓት ዓይናቸው ይገለጣል። ነገሩ እንደ ነበረ ሳለ ስሙ ብቻ ሄዷል። ታዲያ ስሙ ሲሄድ ይዞት የሄደው ምንድር ነው?

እንደ እኔ አሳብ ስሙ ይዞት የሄደው ባልንጀርነትን ነው። ስም የወጣለት ጭንቀት ሌላ ሰው አስቀድሞ የተጨነቀው ጭንቀት ነውና፥ ያን ስም የሚያውቅ ሰው በጨለማው ውስጥ ዓይኑ በተገለጠ ጊዜ ከእርሱ በፊት በዚያ ሰዓት የነቁትን ሁሉ በዙሪያው ያገኛቸዋል፤ ስሙን ያጣው ግን ያው ጭንቀት በእርሱ የተጀመረ፥ በዓለም ላይ ለእርሱ ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል። ስለዚህ የሞቱ ቃላትን ትርጕም መፈለግ ለእኔ የቃላት ዕውቀት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሙታንን የመጐብኘት ያህል ሆኖብኛል።

ባልንጀርነት ማለቴም ቃሉን መርጬ ነው። ባልንጀራ «ባለ እንጀራ» ከሚለው የወጣ፥ አንድ ገበታ ቀርቦ እንጀራ የሚካፈል ሰው ማለት እንደ ሆነ ሽማግሎቻችን ሲነግሩን አድገናል። እንግሊዞችም ከፈረንሳይኛ የወሰዱት «ኮምፓኒየን» የሚለው ቃላቸው፥ ከላቲን ሥሩ ቢፈታ፥ ኅብስት አብሮ የሚበላ ማለት ነው። ይህ ከሌላ የመጣ ነው ቢባል ደግሞ የራሳቸው የጥንት ቃል ከዚህ የበለጠ ምስክር ነው። «ሎርድ» የሚሉት፥ ጌታ ማለት፥ ከሺህ ዓመት በፊት «ህላፍዌርድ» ነበር፤ «ህላፍ» ኅብስት፥ «ዌርድ» ጠባቂ ነውና የኅብስት ጠባቂ ማለት ነው። «ሌዲ» የሚሉት፥ እመቤት ማለት፥ «ህላፍዲየ» ነበር፤ ኅብስት የምታቦካ ማለት ነው። በዚያ ቤት የሚያድረውም አገልጋይ «ህላፍኤታ»፥ ኅብስት በሊታ፥ ይባል ነበር። እንግዲህ የአንድ ቤት ሰዎች ሁሉ ማዕርጋቸው የሚለካው ከአንዲት ሙልሙል ጋር ባላቸው ግንኙነት ነበር፤ አንዱ ይጠብቃታል፥ አንዲቱ ታቦካታለች፥ ሌላው ይበላታል።

ዛሬ ቃሎቹ ተፍቀውና ተላግተው አጥረዋል፤ በውስጣቸው ያለው ኅብስት አይታይም። እኛ አቡነ ዘበሰማያት የምንለውን ጸሎት እንግሊዞች «የሎርድ ጸሎት» ይሉታል፤ በዚያ ጸሎት የዕለት እንጀራ የሚለምን እንግሊዛዊ የጸሎቱ ስም ራሱ ኅብስት ያዘለ መሆኑን ሳያውቅ ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው ይደግመዋል። እኛ ግን እመቤት ስንል እናትም ቤትም ገና በቃሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ይታዩናል። እስከ መቼ እንደሚታዩ ግን እንጃ፤ ቃል ብዙ ሲመላለስበት እንደ ደጃፍ ድንጋይ ነውና፥ የጠራቢው እጅ ምልክት በእግር ብዛት ይጠፋል።

እንዲያው ለአብነት ያህል ጥቂቶቹን ልጥቀስ። «ስታርቭ» ዛሬ መራብ ነው፤ ጥንት መሞት ብቻ ነበር፥ በምንም ይሁን በምን። «ዲር» ዛሬ አጋዘን ነው፤ ጥንት ማናቸውም እንስሳ ነበር። «ገርል» ዛሬ ሴት ልጅ ናት፤ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ግን ወንድም ሆነ ሴት ሕፃን ሁሉ በዚህ ይጠራ ነበር። እነዚህ ትርጕማቸው ቢጠብብ ማንንም አልጐዱም። ከክብር ወደ ስድብ የወረዱት ቃላት ግን ነገራቸው ሌላ ነው፤ በቃሉ መውረድ ውስጥ የሰው ልብ መውረድ ይታያልና።

«ሲሊ» የሚለውን እንውሰድ። ዛሬ ቂል ማለት ነው። በጥንት ዘመን ግን «ሴሊግ» ሲሉ ብፁዕ፥ በእግዚአብሔር የተባረከ ማለታቸው ነበር፤ የዘመዳቸው የጀርመኖች ቋንቋም ተመሳሳዩን ቃል እስከ ዛሬ በዚያ ክብሩ ይዞታል። ብፁዕ የሆነ ሰው ክፋት የሌለበት ነውና ቃሉ ወደ ንጹሕ ዞረ፤ ንጹሕ የሆነ ሰው ይጠቃልና ወደ ሚያሳዝን ዞረ፤ የሚያሳዝነው ደካማ ነውና ወደ ደካማ፥ ደካማው ደግሞ አያስተውልም ተባለና ወደ ቂል ዞረ። እያንዳንዷ እርምጃ ትንሽ ናት፤ ማንም ሰው በአንድ ጀምበር ብፁዕን ቂል አላለውም። በመቶ ዓመታት ውስጥ ግን አንድ ሕዝብ ሳይመክርበትና ሳይፈርድበት፥ ክፋት የሌለበት ሰው ሞኝ ነው የሚል ፍርድ በአፉ ላይ አጽንቶ ተገኘ።

ይህን ባነበብሁ ቍጥር የእኛው «የዋህ» ትዝ ይለኛል። የዋህነት በወንጌል ብፅዕና የተሰጠው፥ ለመድኀኒታችን ለራሱ የተነገረ ጠባይ ነው። በገበያና በሥራ ቦታ ግን «እሱ እኮ የዋህ ነው» ሲባል ስንሰማ ምን ለማለት እንደ ተፈለገ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያታልሉታል ማለት ነው። ባላገርም እንደዚሁ ነው፤ ባለ አገር፥ አገርና ርስት ያለው ማለት ሆኖ ሳለ ከተሜው መሳደቢያ አድርጎታል፤ እንግሊዞችም የገጠሩን ገበሬ «ቪሌን» ይሉ የነበረውን ዛሬ ለክፉ ሰው ስም አድርገውታል። ባላገር እንኳ ሥሩ ገና ስለሚታይ የሚመልሰው አይጠፋም። የዋህ ግን ያሳስበኛል። «ሲሊ» የሄደበትን መንገድ ጀምሮታልና፥ ቃሉን ስንናገር በምን ዓይነት ድምፅ እንደምንናገረው ብንጠነቀቅ እወዳለሁ።

ሌሎች ቃላት አሉ፤ እነዚህ ባዕድ መጥቶ ቤታቸውን የቀማቸው ናቸው። በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ላቲንም አስቀድሞ የቤተ ክህነት ነበር። በ1340 ዓ.ም. በካንተርበሪ የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም የሚኖር ማይክል ኦፍ ኖርዝጌት የተባለ መነኵሴ አንድ የፈረንሳይኛ የምግባር መጽሐፍ ወደ አገሩ ቋንቋ በገዛ እጁ ተርጕሞ ጻፈ። የደከመውም ላልተማሩት፥ ለአባትና ለእናት፥ ለዘመዶች፥ ከኀጢአት እንዲጠበቁ ብሎ ነው። የመጽሐፉ ስም «አየንባይት ኦፍ ኢንዊት» ይባላል። «አየንባይት» መልሶ መንከስ ነው፤ «ኢንዊት» የውስጥ ዕውቀት፥ እኛ ኅሊና የምንለው ነው። የኅሊና መልሶ መንከስ ማለቱ ነው።

ዛሬ እንግሊዞች ለዚህ «ሪሞርስ» ይላሉ፤ ከላቲን የመጣ ነው። የሚያስደንቀው ነገር፥ ያም የላቲን ቃል ቢፈታ መልሶ መንከስ ማለት መሆኑ ነው። ጥርሱ አልወለቀም፤ በባዕድ ቃል ውስጥ ተሸሽጎ አይታይም እንጂ። ያ መነኵሴ ግን እናቱ ቃሉን ስትሰማ ንክሻው እንዲሰማት ፈልጎ ነበር። እኛ «ኅሊናው ቈረቈረው» ስንል ይህን ይመስላል፤ መኝታው ውስጥ ጠጠር እንደ ገባበት ሰው እየተገላበጠ ሲያድር ይታየናል።

ከዚሁ ከመነኵሴው ዘመን «ዋንሆፕ» የሚል ቃል አለ። «ሆፕ» ተስፋ ነው፤ «ዋን» ጕድለት ነው፥ ጨረቃ ጐደለች ከሚሉበት ቃላቸው ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እኛ ተስፋ መቍረጥ የምንለውን እነርሱ የተስፋ መጕደል ብለውት ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በእነርሱ ቃል ተስፋ እንደ ጨረቃ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል፥ ሰውየው ቆሞ ያያል፤ በእኛ ቃል ግን ቈራጩ ሰውየው ራሱ ነው፥ ምሳሩ በእጁ ነው። አባቶች ተስፋ መቍረጥን ከኀጢአት የቈጠሩት ስለዚህ ይመስለኛል፤ ይሁዳን ከክሕደቱ ይልቅ የጐዳው ይህ እንደ ሆነ ያስተምራሉና። ነገር ግን በሁለቱም ቃላት ውስጥ መጽናኛ ተሸሽጓል። የጐደለች ጨረቃ ትሞላለች። እኛም ደግሞ «ተስፋው ለመለመ» እንላለን፤ የተቈረጠው ዛፍ ነበረ፥ ጕቶው ሕይወት ነበረው ማለት ነው። «ዋንሆፕ» ሲሞትና «ዲስፔር» የሚለው የላቲን ልጅ ሲተካው ያች ጨረቃ ከእንግሊዝኛ ጠለቀች።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «ሩት» ነው። ርኅራኄ ማለት ነበር። ከሞዓባዊቱ ከሩት ስም ጋር በጽሕፈት ቢመሳሰልም ዘር አይገናኙም። ዛሬ ይህን ቃል ብቻውን የሚናገር ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ «ሩትለስ»፥ ርኅራኄ የሌለው፥ የሚለውን ግን በየቀኑ ጋዜጣ ላይ ታነቡታላችሁ። ርኅራኄው ሞቶ የርኅራኄ ማጣቱ ስም ቀርቷል፤ ቤቱ ፈርሶ የበሩ መቈለፊያ እንደ ቀረ ያለ ነገር ነው። ይህ የሆነው እንግሊዞች ጨካኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ በቦታው ሌሎች የርኅራኄ ቃላት ከፈረንሳይ ገብተዋል። ቢሆንም ቋንቋ ከመልካም ነገር ይልቅ የመልካሙን ማጣት አጥብቆ ያስታውስ ይሆን እያልሁ እጠይቃለሁ።

የሞቱትን የሚሰበስቡ ሰዎች ታሪክ ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ጥንታውያኑ እንግሊዞች ንግግር ዐዋቂ ሰው አፉን ሲከፍት «ወርድሆርዱን» ከፈተ ይሉ ነበር፤ «ወርድ» ቃል፥ «ሆርድ» የተሰበሰበ ሀብት ነው። እኛ ይህን በግእዙ አንዲት ፊደል ሳናዛባ አለን፤ መዝገብ የሀብት ማከማቻ ነውና «መዝገበ ቃላት» የቃላት ሀብት ቤት ነው። ዛሬ መዝገብ ሲባል የጸሓፊ ደብተር ይመስለናል እንጂ ወርቁ አይታየንም።

የእንግሊዝኛን መዝገብ ከከፈቱት አንዱ፥ ሳሙኤል ጆንሰን፥ ከእኛ አገር ጋር በቀለም የተዛመደ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ፥ በ1735 ዓ.ም. የታተመው፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው የፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦ የጕዞ ታሪክ ትርጕም ነበር። ከዚያም በ1746 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ለመጻፍ ተዋዋለና በለንደን በጎፍ አደባባይ ቤት ተከራይቶ፥ ስድስት ጸሓፊዎች በሰገነቱ ላይ አስቀምጦ ዘጠኝ ዓመት ደከመ። ሥራው ሳያልቅ በ1752 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተችበት። በ1755 ዓ.ም. መጽሐፉ ወጣ፤ አርባ ሁለት ሺህ ያህል ቃላት ይዟል። ሲጀምር ቋንቋውን አጽንቶ ለማቆም ተስፋ ነበረው፤ ሲጨርስ ግን ሬሳ በሽቱ እንደሚጠበቅ ቋንቋን ከመበስበስ እጠብቃለሁ ማለት ከንቱ መሆኑን በመቅድሙ በግልጥ ተናዘዘ። ከአራት ዓመት በኋላ እናቱ በሞተች ጊዜ ለመቀበሪያዋ ገንዘብ እንዲሆነው በጥቂት ቀናት ውስጥ የጻፈው ልብ ወለድ ታሪክ ስለ ኢትዮጵያዊው ልዑል ስለ ራስላስ ነው፤ እርሱንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል።

ከጆንሰን መቶ ዓመት በኋላ ሌላ ታላቅ አሳብ ተነሣ፤ ሕያዋኑንና ሙታኑን ቃላት ሁሉ ሳያበላልጡ፥ እያንዳንዱ ከተወለደበት እስከ ሞተበት ዘመን ከነምስክሩ መጻፍ። ይህን የመራው የስኮትላንድ ልብስ ሰፊ ልጅ የሆነው መምህር ጄምስ መሪ ነው። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በአትክልቱ ቦታ በተሠራ የቈርቈሮ ቤት ተቀምጦ፥ ከልዩ ልዩ አገር በፈቃደኞች እጅ ተጽፈው የሚላኩለትን የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ቍራጭ ወረቀቶች በየፊደላቸው ይደለድል ነበር። ዐሥራ አንድ ልጆች ነበሩት፤ ልጆቹ ፊደል ከለዩ በኋላ ወረቀት በመለየት ለኪሳቸው ሳንቲም ያገኙ ነበር። አንዳንዱ ወረቀት በጆንያ ተጭኖ አይጥ ሞቶበት ይደርሳል፤ ከ«ፒ» ፊደል አንዱ ክፍል አየርላንድ ውስጥ በአንድ ጋጣ ተጥሎ እሳት ማቀጣጠያ ሆኖ ተገኝቷል። መሪ በ1915 ዓ.ም. «ቲ» በሚለው ፊደል ላይ ሳለ ዐረፈ፤ ሥራው ያለቀው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ 414,825 ቃላት ሆነ።

በዚያ መዝገበ ቃላት የሞተ ቃል ሁሉ ከስሙ ፊት አንዲት ትንሽ ምልክት አለችው። አታሚዎች ጩቤ ይሏታል፤ ለእኔ ግን መስቀል ትመስለኛለች። ገጹን ስትገልጡት በሕያዋኑ መካከል እዚህም እዚያም ያች ምልክት ተተክላ ታያላችሁ፤ ከሥርዋ ቃሉ መጀመሪያ መቼ እንደ ተሰማ፥ መጨረሻ መቼ እንደ ተሰማ ተጽፏል። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ከመቃብር ወደ መቃብር እንደ መሄድ ያለ ነው።

ያም ሁሉ ጥንቃቄ ሳለ አንድ ቃል ጠፋ። «ቦንድሜይድ» የሚለው ነው፤ ባሪያ የሆነች ሴት ማለት ነው። ወረቀቶቹ ደርሰው፥ ተለይተው፥ ተዘጋጅተው ሳለ በምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ከቦታቸው ታጡ፤ «ቢ» የሚለው ፊደል ታትሞ ሲወጣ ቃሉ አልነበረም። የገባው በ1933 ዓ.ም. በተጨማሪው ቅጽ ነው፥ መሪ ከሞተ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ። በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ መልእክት አጋርን የሚጠራት በዚህ ቃል ነው። ልጅዋን ይዛ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ የጠፋችው፥ የሚያየኝ አምላክ አለ ብላ ለእግዚአብሔር ስም ያወጣችው ያች ባሪያ፥ ስሟ ደግሞ በመዝገቡ ምድረ በዳ ጠፋ። ድንገተኛ ነገር እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ግን ጌታውም እመቤቱም በቦታቸው ሲገኙ የጠፋችው እርስዋ መሆንዋን ማሰብ አልተውም።

በአንጻሩ በ1934 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ታላቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ዶርድ» የሚል፥ ጥግግት ማለት ነው የተባለ ቃል ገባ። ማንም ሰው ተናግሮት አያውቅም። «ዲ» የሚለው ፊደል በትልቁም በትንሹም ቢጻፍ የዚያ ነገር ምሕጻረ ቃል ነው የሚል ወረቀት ላይ ፊደላቱ ተቀራርበው ስለ ታዩ እንደ አንድ ቃል ተነበበ። ስሕተቱ የታየው በ1939 ዓ.ም. ነው። ትውልዶች በአፋቸው የተሸከሙት ቃል ከበር ሲመለስ አንድም ሰው ያልተነፈሰው ቃል ገብቶ መቀመጡ፥ መዝገብ የቃል ማደሪያ እንጂ የቃል ሕይወት እንዳይደለ በቂ ምስክር ነው።

ሙታኑን ለማስነሣት የሞከሩም አሉ። በካምብሪጅ የግሪክኛ መምህር የነበረው ጆን ቺክ፥ በ1557 ዓ.ም. የሞተው፥ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ከላቲን የመጡትን ቃላት ትቶ ለመቶ አለቃው «ሀንድረደር»፥ ለትንሣኤ «ጌይንራይዚንግ» አለ። የእኛ ተርጓሚዎች መቶ አለቃ ብለው ያለ ጭንቅ ያገኙትን እርሱ በድካም ፈለገ፤ የተከተለው ግን አልነበረም። በ1886 ዓ.ም. ያረፈው የዶርሴቱ ቄስና ባለቅኔ ዊልያም ባርንስም ሰዋስውን «ስፒችክራፍት»፥ የከዋክብትን ትምህርት «ስታርሎር» እንዲሉት ለመነ። ሁለቱም ብቻቸውን ቀሩ። እኔ አከብራቸዋለሁ፤ ላልተማረው ወንድማቸው ቃሉ እንዲያበራለት ነበር የደከሙት። ቃል ግን በአንድ ሰው ፈቃድ አይነሣም፤ የሚጠራው ሌላ አፍ ይፈልጋል።

አንድ ተጨማሪ ቃል ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ አንድ የእንግሊዝ ድርሳን እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። አንድ ባለጸጋ ይሞታል፤ አጥብቆ ይወደው የነበረ ዘመዱ ከኀዘኑ ብዛት አገር ለቆ ይሰደዳል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ናፍቆት መልሶት ወደ መቃብሩ ይመጣል። የሟቹም ዐፅም ይጮኽበታል፥ ምን ልታይ መጣህ፥ አሁን የምታየው ትልና ዐፈር ያስቀሩትን ነው ይለዋል። ሰውየውም ከዚያ ተመልሶ ዓለምን ይንቃል። በዚያ ስፍራ ያደረገውን ነገር ድርሳኑ «ዱስትሼያውንግ» ይለዋል፤ ትቢያን መመልከት፥ እኛ በግእዝ ርእየተ ጸበል ልንለው የምንችለው ነው፤ በግእዝ ጸበል ትቢያ ማለት ነውና። በአማርኛ ግን ጸበል የተቀደሰው ውሃ ሆኗል። «ሲሊ» ከብፅዕና ወደ ቂልነት ሲወርድ፥ ይህ ቃል ከትቢያ ተነሥቶ ወደ ፈውስ ወጥቷል፤ ቃል ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ እንደማይሄድ ባሰብሁ ጊዜ የማስበው ይህን ነው።

ወደ ዛፉ ሥር ወደ ተቀመጠችው ሴት ልመለስ። ግጥምዋን ባነበብሁ ጊዜ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣችው እናቴ ናት። አባቴ ለንግድ ወደ ቆላ ወርዶ፥ ወንዙ ሞልቶ ሳይመለስ የዘገየበት አንድ ክረምት ነበር። እኔ መደብ ላይ እተኛ ነበርና ገና ዶሮ ሳይጮኽ ነቅቼ አያታለሁ፤ ኩራዙን ጋዝ እንዳያልቅ አጥፍታዋለች፥ ምድጃው ውስጥ በአመድ የተዳፈነ ፍም ጥቂት ይታያል፥ እርስዋ ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። መቍጠሪያዋ በእጅዋ ነው፥ ግን አይንቀሳቀስም። በበሩ ሽንቍር የሚገባው ጨለማ ወደ ግራጫ ሲለወጥ አንድ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች። አማርኛ ለዚያ ነገር አንድ ስም አልሰጣትም። ሲያብሰለስላት አደረች እንላለን፥ ዓይንዋ ሳይከደን ነጋ እንላለን፤ በስም አንጠራውም።

ጎሕ ሲቀድ ማድጋዋን አዝላ ወጣች፥ እኔም ተከተልኋት። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ከአጥሩ ወዲያ ሆነው በጭራሮ በር በኩል አዩዋት።

«እንደምን አደርሽ ልጄ?» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ?»

ባልቴቲቱ አልመለሱላትም። ፊትዋን ጥቂት አዩት፤ ጭራሮውን ገፋ አድርገው ወጡና፥ የማድጋውን ጠፍር ከትከሻዋ ላይ ፈተው እርሳቸው ያዙት።